ሰንሰለቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፍሬኑ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ያገለገለ ባለማርሽ ብስክሌት ገዝቼ ሥራ እመላለስበታለሁ። ጠዋት ጠዋት የ6 ዓመት ልጄን ከኋላ ጭኜ ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ። ችግሬ ሰንሰለቱ ነው። ይጮኻል፣ አልፎ አልፎም ይወልቃል። የሰፈራችን ጠጋኝ በሄድኩ ቁጥር የሆነ ዕቃ ይቀየር ይለኛል። ሲሰለቸኝ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቼ አፈሰስኩበት፤ ትንሽ ዝም አለና ከዚያ ባሰበት። ባለቤቴ ‹የማታውቂውን አትነካኪ፣ ትወድቂያለሽ› ይለኛል። እኔ ግን ቤቴ ሆኜ ራሴ መሥራት ነው የምፈልገው። የቱን ልንካ፣ የቱን ልተው? ፍሬኑም ላላ ብሏል፣ ቁልቁለት ላይ በእግሬ እያገዝኩት ነው የማቆመው፤ እሱ እንኳን ብዙም አላስቸገረኝም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ስለ ሰንሰለቱ ብዙ ጽፈሽ ፍሬኑን እንደ ትርፍ ነገር ጣል አድርገሽው አለፍሽ። የሚጮኽ ሰንሰለት ቢያናድድሽ ነው፤ ቢወልቅም ወርደሽ ትገፊዋለሽ። የማይዝ ፍሬን ግን ከኋላሽ ልጅ ተቀምጦ ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍብሽ ነው የሚታወቅሽ። በእግር ማቆም ደግሞ ፍሬን አይባልም። ጫማ ይንሸራተታል፣ ሚዛን ይስታል፣ የሁለት ሰው ክብደት ሲገፋሽ እግርሽ ምንም አያቆምልሽም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ፍሬኑ እስኪስተካከል ልጁን አትጫኚ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርሺም ወርደሽ እየገፋሽ እለፊ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ግማሹ ትክክል ነው። ብስክሌት ላይ ሳያውቁ ሲነኩ የሚጥል ነገር አለ። ግን እሱ «አትነካኪ» ያለው ነገር አብዛኛው ማንም ሰው ቤቱ የሚሠራው ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ከጠበቅሽ። አንደኛ፣ ማንኛውንም ማስተካከያ በግማሽ ዙር፣ በግማሽ ዙር ነው የምታዞሪው፤ ባዞርሽ ቁጥር ቆም ብለሽ ምን እንደተለወጠ ታያለሽ። ሁለተኛ፣ የነካሽውን ነገር ሳትሞክሪ አትጋልቢም። ሙከራውም መሬት ላይ ቆመሽ ነው የሚጀምረው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አለንኪ የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር፣ የ10 እና የ15 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ብዙ ጨርቅ። ብርሃን ባለበት ሰዓት ሥሪ፣ ሲመሽ አትጀምሪ። እና እባክሽ ልጁን አርቂው። ሰንሰለቱ ጥርሱ ላይ በሚገባበት ቦታ የገባ ጣት በቀላሉ አይወጣም፤ ልጆች ደግሞ የሚዞር ነገር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም።

አሁን ወደ ፍሬኑ። አብዛኛው ያገለገለ ባለማርሽ ሳይክል ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በሁለት የፍሬን ጎማ የሚይዝ ነው፣ ያንቺም እንደዚያ ነው ብዬ ልነሳ። ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ላይ ያለች ክብ የብረት ሳህን የሚይዝ ዲስክ ፍሬን ካለው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ዘይት የነካ እጅ እንኳን አይደርስም። በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ አትፍቺው፣ ለባለሙያ ስጪው።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ያ ያፈሰስሽው የተቃጠለ ዘይት ነው። ሰንሰለት ላይ የተትረፈረፈ ዘይት ኋላ ጎማው ሲዞር ይረጫል፣ ከሚያርፍበት ቦታ አንዱም ቸርኬው ነው። ዘይት የነካው ቸርኬ ላይ ፍሬኑን የፈለግሽውን ያህል ብትጨብጪ ይንሸራተታል። ነጭ ጨርቅ ወስደሽ የኋላውን ቸርኬ ጎን ዙሪያውን ጥረጊው። ጨርቁ ጠቁሮ የሚያንሸራትት ቅባት ካሳየሽ የችግሩን ግማሽ አገኘሽው ማለት ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ከዚያ በአልኮል ድገሚው። የፍሬኑን ጎማ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጊው። ዘይቱ ውስጡ ከዘለቀ ግን መፋቅ አያድነውም፣ ይቀየር።

ቀጥሎ የፍሬን ጎማዎቹን ተመልከቺ። አብዛኞቹ ላይ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉ። መስመሩ ከጠፋ ጎማው አልቋል። ሲቀየር በጥንድ ነው፣ የግራውን ብቻ ቀይሮ የቀኙን መተው የለም። ፍሬኑን ስትጨብጪ ጎማው የሚያርፍበትንም እይ። ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ብረት ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ላይ ከፍ ብሎ የመንገዱን ጎማ የሚነካ ከሆነ እየፈገፈገ ይቀደዋል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። ወደ ታች ወርዶ ግማሹ አየር ላይ ከቀረም አይዝም። የሚይዘውን ቡሎን በ5 ቁጥር አለንኪ ላላ አድርጊ፣ ፍሬኑን በሌላ እጅሽ ጨብጠሽ ቦታውን አስይዢና መልሰሽ አጥብቂ።

ከዚያ ሽቦውን። መሪው ላይ፣ የፍሬኑ እጀታ ጋ ሽቦው ከሚገባበት ቦታ በእጅ የምትዞር ትንሽ ቱቦ መሳይ ነገር አለች። ከሥሯ መቆለፊያ ቀለበት አላት። ቀለበቷን አላልተሽ ቱቦዋን ወደ ውጭ እንድትወጣ፣ ማለትም በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ አዙሪያት። ሽቦው ይጠብቃል። ግማሽ ዙር፣ ጨብጪ፣ እይ። ደግሞ ግማሽ ዙር። ልኩ ምንድን ነው ብትዪኝ፣ እጀታውን በኃይል ስትጨብጪ መሪውን መንካት የለበትም፤ በመሃላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ስትለቂው ደግሞ ጎማው በነፃነት መዞር አለበት፣ በፍሬን ጎማውና በቸርኬው መሃል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ሲያበቃ ቀለበቷን መልሰሽ ቆልፊ። ቱቦዋን እስክትነቀል አታውጪ፣ ግማሽ አካሏ ውስጥ መቅረት አለበት።

በዚህ ካልመጣልሽ ሽቦው ራሱ መሳብ አለበት። ቱቦዋን ወደ ቦታዋ መልሰሽ አስገቢ። ሽቦው ፍሬኑ ክንድ ላይ በቡሎን የተያዘበትን ቦታ ፈልጊ። በአንድ እጅሽ ሁለቱን የፍሬን ጎማ ቸርኬው ላይ ተጫኚ፣ ቡሎኑን ላላ አድርጊ፣ ሽቦውን በፒንሳ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሳቢና አጥብቂ። አሁን ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። ቆመሽ፣ ሳይክሉ ላይ ሳትወጪ፣ እጀታውን ባለሽ ኃይል ሁሉ ደጋግመሽ ጨብጪ። በደንብ ያልጠበቀ ሽቦ መንሸራተቱ የማይቀር ከሆነ ግቢሽ ውስጥ ይንሸራተት። ጫፉ ላይ ወይም እጀታው አጠገብ ከሽቦው ክሮች አንድ እንኳን የተበጠሰ ካየሽ አትሞክሪው፣ ሽቦው ይቀየር። ከብስክሌት ዕቃዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ለእሱ የሚሳሳ ገንዘብ የለም።

ሙከራው እንዲህ ነው። ሳይክሉን እየገፋሽ ሂጂና የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨብጪ። የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሳ መቃጣት አለበት። ከዚያ የኋላውን ብቻ፤ ጎማው ተቆልፎ መሬቱ ላይ መጎተት አለበት። ሁለቱም ካለፉ ብቻ ሜዳ ላይ፣ ብቻሽን፣ ቀስ ብለሽ ጋልቢ። የትኛው እጀታ የፊቱን እንደሚይዝ በዚያው አረጋግጪ፣ ከሳይክል ሳይክል ይለያያልና። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ተጠቀሚ፣ የሚጀመረውም ፍጥነት ሳይመጣ ነው። ፊቱን ብቻ በድንገት መጨበጥ በአናትሽ ይተክልሻል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥብ ቸርኬ ዘግይቶ ነው የሚይዝ፤ ጨበጥ ለቀቅ እያደረግሽ ውሃውን አስጠርጊው፣ ርቀትም ጨምሪ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ልጅ ትጭኛለሽ። የልጅሽ እግር የት ነው የሚያርፈው? ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተረከዙ በሚዞረው ቸርኬ ሽቦዎች መሃል ሲገባ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ ቆዳ ይገሽልጣል፣ አጥንትም ይሰብራል። ልጁ ስለተጠነቀቀ የሚቀር ነገር አይደለም። ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገዋል፣ እግሩ ይወርዳል። የእግር ማሳረፊያ ብረት በሁለቱም በኩል አስበይጂለት፣ ጎማውን ደግሞ በጎንና በጎን በጠንካራ ፕላስቲክ ወይም በወንፊት ብረት አስከልዪው። የነጠላሽ ጫፍም ሆነ ረጅም ቀሚስ በዚያው መንገድ ነው የሚገባው። ሄልሜት ለሁለታችሁም። የእሱ በልኩ ይሁን፣ የትልቅ ሰው ሄልሜት ልጅ ላይ ዞሮ ፊቱን ይሸፍናል እንጂ ጭንቅላቱን አያድንም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ።

የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ውስጥ የወጣ ደቃቅ ብረትና ጥላሸት ተሸክሟል። በዚያ ላይ ወፍራም ነው፣ የባሕር ዳርን የበጋ አቧራ እየሰበሰበ ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ዝም ያለልሽ ለትንሽ ጊዜ የሆነው ለዚህ ነው። የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ ሲቆይ ይጣበቃል። ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራ ካገኘሽ ጥሩ፤ ካላገኘሽ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል እንጂ አይጎዳም።

መጀመሪያ ግን ያ ጭቃ ይውጣ። ጨርቅ በትንሽ ነጭ ጋዝ አርሰሽ ከታች በኩል የሚያልፈውን ሰንሰለት ያዢውና ፔዳሉን በሌላ እጅሽ ወደ ኋላ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ጥርሱ አጠገብ አትያዢ። በጥርስ ብሩሽ የኋላ ጥርሶቹን ፈልቅቂ። ይሄን ደጅ ሥሪው፣ ከሰል ከተያያዘበት ራቅ ብለሽ። ቤንዚን ግን በፍጹም። ነጭ ጋዙም ቸርኬውንና የፍሬኑን ጎማ እንዳይነካ ተጠንቀቂ፣ አሁን ያጸዳሽውን ፍሬን መልሰሽ እንዳታበላሺው። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት፣ ትንሽ አዙሪና ከላይ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ አድርቀሽ ጥረጊ። ዘይቱ የሚሠራው ውስጥ ነው፣ ላይ ላዩን የቀረው አቧራ ብቻ ነው የሚጠራ።

አሁን ጠጋኙ «ይቀየር» ሲልሽ እውነቱን የምታውቂበት መንገድ ልስጥሽ። የብረት ሜትር ያዢ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል። ሰንሰለቱ ወጠር ባለበት የላይኛው በኩል ከአንድ ፒን መሃል ዜሮን አስይዢና ያንን ሳትቆጥሪ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ለኪ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ይሄ ልክ 12 ኢንች ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ማለት ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከረዘመ ሰንሰለቱ አልቋል፣ እሱን ብቻ ቀይሪ። 3 ሚሊ ካለፈ ግን ጥርሶቹንም በልቷቸዋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገቢ በተበላ ጥርስ ላይ ይዘላል። ለዚህ ነው ቶሎ መለካት ገንዘብ የሚያድነው። ልኩ ደህና ሆኖ ጠጋኙ ይቀየር ካለሽ ሜትሩን አሳዪው።

የሚወልቀው ለምንድን ነው? ወደየት እንደሚወልቅ እይ። ሳይክሉን ከኋላ ቆመሽ ተመልከቺው። ሰንሰለቱን የሚያንቀሳቅሰው ማርሽ መቀየሪያ ቀጥ ብሎ ከጥርሶቹ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ካጋደለ፣ ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ በእጅሽ አታቃኚው፣ ይሰበራል፣ ለባለሙያ ተዪው። ቀጥ ያለ ከሆነና ችግሩ ማርሽ ስትቀይሪ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት መለገም ብቻ ከሆነ፣ ሽቦው ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለችውን ቱቦ ግማሽ ዙር በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ አዙሪና ሞክሪ። አጠገቡ ኤች እና ኤል የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ለጊዜው እነሱን አትንኪ። ኤል የሚለው ከላላ ሰንሰለቱ ትልቁን ጥርስ አልፎ የኋላው ቸርኬ ሽቦዎች ውስጥ ይገባል፣ ጎማውንም በሩጫ ላይ ይቆልፈዋል። ወደ ውስጥ የሚወልቅብሽ ከሆነ ጠጋኙ ጋ ሂጂና እሱ ሲያስተካክል ቆመሽ እይ።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። የአየር ልኩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ትንሹና ትልቁ። ልጅ ስለምትጭኝ የኋላውን ወደ ትልቁ አስጠጊው፣ አታሳልፊው እንጂ። ጎሚስታ ጋ በኮምፕሬሰር ስታስነፊ ቀስ እንዲል ንገሪው፤ የመኪና ጎማ የለመደ እጅ የሳይክል ካላማዳሪያ በሰከንድ ያፈነዳል። የግራር እሾህ ሲበሳሽ ካላማዳሪያውን ከመለጠፍሽ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሺው። እሾኹ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ የለጠፍሽው ነገ ተመልሶ ይበሳል። ማስቲሹን ቀብተሽ ወዲያው አትለጥፊ፣ ውሃነቱ ጠፍቶ ፊቱ እስኪደበዝዝ ጠብቂ።

በየሳምንቱ ግን ይሄን አትዝለዪ። የሁለቱን ጎማ ዳዶ በ15 ቁልፍ ፈትሺ። የፊት ጎማው በቁልፍ ሳይሆን በእጅ በሚታጠፍ እጀታ የሚዘጋ ከሆነ፣ እጀታው ሲዘጋ መሃል ላይ ሲደርስ መክበድ አለበት፣ መዳፍሽ ላይ ምልክት ጥሎ ነው የሚዘጋው። እንደ ቡሎን እያዞሩ ማጥበቅ አይደለም። ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ጨብጠሽ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዢው፤ መሪው ሥር ኳ ኳ የሚል ነገር ከተሰማሽ ላልቷል። ጎማውን ከላይ ይዘሽ ግራና ቀኝ ግፊው፤ ከተጫወተ ኩሽኔታው ነው። ኮርቻውን ከፍ ካደረግሽ ቱቦው ላይ የተሰመረው የመጨረሻ ምልክት መታየት የለበትም፤ ከታየ በጣም ወጥቷል፣ ሊሰበር ይችላል። ፔዳል የምትፈቺ ከሆነ ደግሞ የግራው በተቃራኒ መሆኑን አትርሺ። ቁልፉን ከላይ አስገብተሽ ሁለቱም ወደ ፊት ሲጠብቁ፣ ወደ ኋላ ሲላሉ ብለሽ ያዢው።

የምትተዪውን በግልጽ ልንገርሽ። የተጣመመ ቸርኬ ሽቦዎቹን እያጠበቁ ማቃናት፣ ኩሽኔታ መፍታት፣ የላላ መሪ፣ የታጠፈ የፊት ሹካ፣ ብየዳው ላይ የተሰነጠቀ ብረት። ስንጥቅ ካየሽ ያን ቀን አትጋልቢውም፣ «እስከ ቅዳሜ ያደርሰኛል» የለም።

ጠጋኙ ጋ ስትሄጂም «እየው እስቲ» ብለሽ አትስጪው። «የኋላውን የፍሬን ሽቦና ሁለት የፍሬን ጎማ ቀይርልኝ፣ ሌላ ነገር ካየህ ሳትነካው ንገረኝ፣ አሮጌውን ዕቃ እወስደዋለሁ» በዪው። የሰንሰለቱን ልክና ወደየት በኩል እንደሚወልቅ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ በማርሹ እንቀጥላለን።